የሜሪ ተሳቢ

«የፍራሹን ልብስ ስታመጪ ፀጉርሽን ታጥበሽ ነይ» አለኝ ባሌ፣ የጫማውን ክር እያሰረ፣ ፊቱን እንኳ ወደ እኔ ሳያዞር። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ የዚያችን ሴትዮ የፍራሽ ልብስ ስሰፋ አምሽቼ፣ ራሴ ሊፈነዳ ሲደርስ እናቴ እንደምታደርገው ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ በሻሽ ጥፍንግ አድርጌ አስሬ ነበር የተኛሁት። «ምነው፣ ፀጉሬ ምን አደረገ?» አልኩት። «ሜሪን ሽታ ይረብሻታል። ቀማሽ አይደለች? ሽቶም ቢሆን፣ ሽንኩርትም ቢሆን፣ ቅቤም ቢሆን አይሆንላትም። ተሳቢው ውስጥ ሽታ እንዲገባብኝ አልፈልግም» ብሎ፣ ያፈላሁለትን ሻይ ግማሹን ትቶ ወጣ። እኔ የሺሃረግ፣ የልዑልሰገድ የሕግ ሚስት፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አናቴ፣ በገዛ ቅቤዬ! ለሌላ ሴት ፍራሽ ስሰፋ ያመመኝን ራስ፣ ለዚያችው ሴት ብዬ ልታጠብ! ጉድ እኮ ነው።

ሜሪ የምትባለው ቡና ቀማሽ ናት። ለላኪዎች እየቀመሰች «ይሄ ይሄዳል፣ ይሄ አይሄድም» የምትል፣ በምላሷ እንጀራ የምትበላ ሴት። እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተምራ አዲስ አበባ ገባች፤ አሁን በየዓመቱ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት እየመጣች ከኢዲዶ እስከ ፍስሐ ገነት፣ ከፍስሐ ገነት እስከ ጨለለቅቱ እየዞረች የገበሬውን ናሙና ትሰበስባለች። ሴት ልጅ ብቻዋን በየአልጋ ቤቱ ማደር ሰለቸኝ አለችና፣ ሥራውን ጨርሶ ከወጣ አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት በጨረታ ዝግ ተሳቢ ገዛች። ዙሪያውን ላሜራ፣ ኋላው በሁለት በር የሚከፈት፣ በፒካፕ የሚጎተት፣ ብርድ ልብስና ጀሪካን ሲመላለስበት የኖረ ሳጥን ነው። እሱን ጎትታ ባሌ ግቢ አቆመችና፣ «ጋሼ ልዑል፣ ይሄን ቤት አድርግልኝ። አልጋ ያለው፣ ማብሰያ ያለው፣ መታጠቢያ ያለው፣ የትም አቁሜ የማድርበት» አለችው። ይሄ የዛሬ ስድስት ሳምንት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ባል የለኝም።

ባሌ በያጅ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ግቢ ውስጥ የጭነት መኪና ቦዲ ይሠራል፣ የሚኒባስ ወንበር ይጠግናል፣ የግቢ በር ይበይዳል። እጁ ወርቅ ነው፤ ይሄን ጠላቱም አይክደው። ተሳቢውን ከጀመረ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ጉርሻው እጁ ላይ እየቀዘቀዘ ስለ ማጠፊያ ያወራል። «የሺ፣ አልጋው ቀን ቀን ተጣጥፎ ወንበር ይሆናል።» «የሺ፣ በላሜራውና በኮምፔንሳቶው መሃል ነጭ ፎም አስገባሁበት፤ ፀሐይ ቢያቃጥል ውስጥ አይሰማትም።» አይሰማትም! የእኔ ማድ ቤት በባዶ ቆርቆሮ የተከደነች ናት፤ በጥር ፀሐይ ከድስቱ ይልቅ እኔ ነኝ የምንተከተከው። ሰሃኖቼ ከተጋባን ጀምሮ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ አልጋ ሥር በካርቶን ውስጥ ናቸው። የስንቱን ቤት በር ሠርቶ የሚያድር ሰው ሚስት ሆኜ አንዲት መደርደሪያ የለኝም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የተባለው ለእኔ ነው። ራት ሳቀርብ ሰሃኑን ከካርቶኑ ሳወጣ ሆን ብዬ አንኳኳዋለሁ፣ እንዲሰማው። «ቀስ በይ፣ ይሰበራል» ይለኛል። «የጎረቤታችን የእታገኝ ባል ቁም ሣጥን አሠራላት» እላለሁ፣ ግድግዳውን እያየሁ። «ጥሩ ነው» ይለኛል። አሁን ይሄ ሰው ድንጋይ ነው ወይስ ባል?

ፀጉሬን አልታጠብኩም። ልታጠብ ውሃውን አሙቄ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ሳፋው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ደሜ ፈላ። ውሃውን በር ላይ ደፋሁትና ከብርጭቆው ቅቤ ሌላ ጭብጥ አንስቼ፣ በኮሰረት የተነጠረውን፣ ያን ሽታው ሦስት ቤት የሚያልፈውን፣ አናቴ ላይ ለደፍኩበት። ይሽተታት! አልኩ። ተሳቢዋ ውስጥ ገብቼ፣ ግድግዳውንም መስኮቱንም ቅቤ ቅቤ አሰኝቼ፣ የልዑልሰገድ ሚስት እዚህ ነበረች የሚል ነገር ትቼ ልወጣ። እንደዚያ ነበር ሐሳቤ፤ ምን ልዋሽ። ሻሼን አሰርኩ፣ በላዩ ነጠላ ደረብኩ፣ የፍራሹን ልብስ በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ሀምዲያ ያዘችኝ። ሀምዲያ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ናት፤ ሳፋና ጆግዋን አስፋልቱ ዳር ደርድራ፣ ለአላፊ አግዳሚው ስትሸጥ፣ አላፊ አግዳሚውን ስታማ ነው የምትውለው። አንድ ግቢ ተከራይተን ስለኖርን የልቤን ታውቃለች። «የሺ፣ ፊትሽ ምነው እንዲህ ጠቆረ?» አለችኝ። ራሴን ነው አልኳት። «ራስሽን ነው ባልሽን?» ብላ ሳቀች። «ልዑል ጎማ ያለው ቤት ሠራ ሲሉ ሰማሁ። አንቺ እኮ ጎማ የሌለውንም አላየሽ!» ሳቅ አልመጣልኝም። ሰማያዊውን ባለ ሦስት ደርብ የፕላስቲክ መደርደሪያ አየሁት፤ ስንት ነው አልኳት፣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አለችኝ፣ ባለፈው ዓመት በሰባት መቶ ነበር። «ለአንቺ በአንድ ሺህ ስድስት» አለች። ተውኩት። የበያጅ ሚስት የፕላስቲክ መደርደሪያ ገዛች መባል ደግሞ ሌላ ሞት ነው። ልሄድ ስል ክንዴን ያዝ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚ፣ ሴትዮዋ ቆንጆ ናት ይላሉ። ባልሽን ጠብቂ።» ቆንጆ መሆኗንስ መች አጣሁት? ሁለቴ አይቻታለሁ። ቅባት የማያውቅ ደረቅ ፀጉር፣ ቀለም የሌለው ከንፈር፣ የወንድ ሸሚዝ፤ እንዲያም ሆና ቆንጆ። እኔ ተቀብቼ ተኳኩዬ የማላመጣውን እሷ ምንም ሳትነካ ታመጣዋለች።

ግቢው ስደርስ ባሌ የለም። ከበሩ አጠገብ ጎማ የሚጠግነው ለሚ፣ የጎማ ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከረ፣ «ጋዝ ሲሊንደር ሊገዙ ወጡ፣ አብረው» አለኝ። «አብረው» የምትለዋን ማለት ነበረበት? አቮካዶው ጥላ ሥር አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ከጫማው እስከ ቅንድቡ ቀይ አቧራ የለበሰ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ገበሬ። ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ባርናባስ እባላለሁ፣ ከኢዲዶ ነው የመጣሁት፣ በሞተር፣ አለኝ። ናሙና ይዞ ነው። ባሌ ፀሐይ እንዳይነካው ብሎ ተሳቢው ውስጥ አስቀምጦለታል። ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ ሰው ሲጨነቅ ያወራል። «እኔ ራሴ ለቀምኩ። ሚስቴም ለቀመ፣ ልጆቹም ለቀመ። ቀዩን ብቻ፣ አንድ በአንድ። በማድረቂያ አልጋ ላይ አሰጣን፣ ቀን ገለበጥን፣ ማታ ሸፈንን። ሌላ ጊዜ ለነጋዴ ነው የምሰጠው፤ ከሰው ቡና ጋር ይደባልቃል፣ ስሜ ይጠፋል። ዘንድሮ ግን ይቺ ልጅ ጥሩ ነው ካለ፣ ቡናው በስሜ ይሄዳል። 'የባርናባስ' ተብሎ።» ከዚያ ሳቅ አለና፣ «ሦስተኛ ዓመቴ ነው ስሞክር። አምና ዝናብ መታው፣ ካቻምና ሳይደርቅ አመጣሁ። ዘንድሮ ምንም የለውም» አለኝ። ይቅናህ አልኩትና ወደ ተሳቢው ሄድኩ። ስለ እሱ ቡና ለማሰብ ቦታ አልነበረኝም።

በሩን ከፍቼ ገባሁ፤ ገብቼም ቀረሁ። እናንተዬ! ይሄ የእኔ ባል እጅ ነው? ግድግዳው የማር መልክ ባለው ኮምፔንሳቶ ተለብዶ፣ ጠርዝ ጠርዙ እንዳይቧጭር ተላልጎ ተጠርቧል። አልጋው በአንድ በኩል፣ ከሥሩ ሦስት መሳቢያ። አንዱን ሳብኩት፤ ያለ ድምፅ መጣ፣ ገፋ ሳደርገው ያለ ድምፅ ተመለሰ። ማብሰያው ከፍ ብሎ፣ ከአጠገቡ ይህችን የምታክል የእጅ መታጠቢያ፣ ከላይ የውሃ ታንከር፣ ከታች የቆሻሻ ውሃ መቀበያ። መስኮቱ የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት አለው። ጠረጴዛው ከግድግዳው ይወርዳል፣ ሲፈለግ ይታጠፋል። ሁሉንም ቻልኩት። መደርደሪያውን ግን አልቻልኩትም። ሁለት ደርብ ነው፤ ሲኒዎቹ መንገድ ላይ እንዳይወድቁ ከፊት በኩል አንድ ጣት ከፍታ ያለው ከንፈር አውጥቶለታል፣ ለእያንዳንዱ ሲኒ ደግሞ ማስቀመጫ ክብ ቆፍሮለታል። በእጁ ነው የቆፈረው፤ የመርፌ ሥራ ነው የሚመስለው። ጣቴን በየክቡ አስገባሁ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። ይሄን ሰው ለአሥራ አራት ዓመት አብሬው ተኝቼ፣ እጁ እንደዚህ ያለ ነገር እንደሚያስብ አላውቅም ነበር። ቀናሁ። በውበቷ አይደለም፣ በዚህ በክብ በክቡ ቀናሁ።

የፍራሹን ልብስ አለበስኩት። ልክክ አለ፤ የእኔም እጅ መቼ ይናቃል። ማዕዘኑን ስስብ ጎንበስ ቀና ስል ራሴ እንደገና ተነሳብኝ። ትንሽ ብተኛበትስ? አልኩ። ማን ያየኛል? ማንም ሳይተኛበት እኔ ልተኛበት፣ ያንን እንኳ ልቅደማት። ተጋደምኩ። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ውስጡ እውነትም ቀዝቃዛ ነው፤ አይሰማትም እንዳለው። ትራስ የለም። እጄን ስሰድ ጠረጴዛው ላይ አንድ የጨርቅ ከረጢት አገኘሁ፤ ሁለት ኪሎ ግድም ይሆናል፣ ስይዘው ኮሽ ኮሽ ይላል። ቡና መሆኑን አውቄያለሁ፣ የማን እንደሆነም አውቄያለሁ። ዲላ ተወልዶ ያደገ ሰው ቡና የነካውን ሽታ ሁሉ እንደሚጠጣ አያውቅም አይባልም፤ እዚህ እኮ ቡና ተጭኖ በሚሄድበት መኪና ነዳጅ እንኳ አይጫንም። ግን በዚያች ሰዓት አላሰብኩትም። ራሴ አመመኝ፣ ልቤ አመመኝ፣ ከረጢቱን ከአንገቴ ሥር አደረግሁት። ዐይኔን ልጨፍን ብዬ ነበር፤ ድብን ብዬ ተኛሁ።

የፒካፕ ጥሩምባ ነው የቀሰቀሰኝ። ብድግ ብዬ ከረጢቱን ወደ ጠረጴዛው መለስኩ፣ ፍራሹን ዳበስ ዳበስ አድርጌ አስተካከልኩ፣ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ ወጣሁ። ሰባት ሰዓት አልፏል። ሜሪ ከመኪናው ዘላ ወርዳ፣ በበሩ ብቅ ብላ የፍራሹን ልብስ አየችና እጇን አጨበጨበች። «እትዬ የሺ፣ እጅዎ ይባረክ! እንዴት አድርገው ሰፉት!» አለችኝ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞር ብላ፣ «ጋሼ ልዑል፣ አንተ እኮ ጉድ ነህ» አለችው። እሱን አንተ፣ እኔን እርስዎ! እሱ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እኔ ሠላሳ ስምንት። አሜን፣ ይባርክሽ፣ አልኩና ወደ ለሚ ጎማዎች ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ውስጡ ለሁላችንም ስለማይበቃ ቀመሳውን ውጭ አደረገችው፤ ለነገሩ እዚያ ግቢ ከብየዳው ጭስና ከለሚ ማስቲሽ የቅቤዬን ሽታ ማን ለይቶት። ቡና ከተቆላ በኋላ ቢያድር ነበር ወጉ፤ እሷ ግን ያለፉትን ናሙናዎች ይዛ በነጋታው ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለችና ጊዜ የላትም። ለዚህ ዙር የቀረው የባርናባስ ብቻ ነው። ከከረጢቱ ቡናውን ዝግን አድርጋ፣ በእጅ በምትዞር ትንሽ መቁያ ቆላች፣ አቀዘቀዘች፣ ፈጨች፣ አምስት ሲኒ ውስጥ እኩል እኩል አድርጋ የፈላ ውሃ ቸለሰችበት። ባርናባስ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ ዐይኑን ከእጇ አይነቅልም። ባሌም ቆሞ ያያል። እሷ ሰዓቷን አየች፣ ጎንበስ ብላ ሲኒው ላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ገፋ አድርጋ አፍንጫዋን ልትነክረው ምንም አልቀራትም። ቀጥላ በማንኪያ ጨልፋ ፉጨት በሚመስል ድምፅ ሳበችው፤ እናቴ እንደዚያ ስስብ ብታየኝ በጥፊ ነበር የምታጮለኝ። ተፋችው። ወደ ሁለተኛው ሲኒ ሄደች። ወደ ሦስተኛው። እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ፊቷ እየጨለመ መጣ።

«ቅቤ» አለች።

«አቶ ባርናባስ፣ ቡናውን የት ነበር ያስቀመጡት?» ቤት፣ ቆጥ ላይ፣ አላት። «ከቅቤ ጋር?» ሰውየው አልገባውም። ከረጢቱን አንስታ ገለባብጣ አየችው፤ በአንድ በኩል ወዝቷል። «ይኸው እዩት። ናሙናውን ከቅቤ አጠገብ አታስቀምጡ ብዬ ባለፈው ዓመት ለሁላችሁም አልተናገርኩም? ይሄን ለሰው ባቀምስ ቡና ቀላ ነው የሚሉኝ።» ቡና ቀላ ማለት ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሰው እንግዳ የሚያከብሩበት ምግብ ነው። ባርናባስ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየ። «እኔ ቤት ቅቤ የለም፣ ልጄ» አለ። «ላሙ ተሸጠ። ሐምሌ ተሸጠ፣ ለልጁ ትምህርት ቤት። ከሐምሌ ወዲህ ቤቴ ቅቤ አልገባም።» ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይሄ ነው። ሜሪም ክፉ ሆና አልነበረም፤ ድምጿ ሰለለ። «ቡናው ከሥሩ በጣም ጥሩ ነው፣ ይታወቀኛል። ያሳዝናል። ግን ይሄን ይዤ መሄድ አልችልም» ብላ ደብተሯን ገለጠችና ስሙ ላይ መስመር አሰመረች። ባርናባስ መስመሩን አየ። ማንበብ ይችል አይችል አላውቅም፤ መስመሩ ግን ገባው።

ያኔ ባሌ አየኝ። መጀመሪያ ነጠላዬን፣ ከዚያ ሻሼን፣ ከዚያ በጆሮዬ ግርጌ ቀልጦ ወደ አንገቴ የሚወርደውን ቅቤ አየ። ከዚያ ዞር ብሎ በክፍቱ በር የፍራሹን ልብስ፣ ትራስ በሚሆንበት በኩል የተጨማደደውን አየ። ገባው። እንደገባው አየሁት። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ጎንበስ ብሎ ከመሬት አንድ ብሎን አነሳና በጣቱ ያሽከረክር ጀመር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሱ ዝምታ ግን ሲነቅዝ ቆሜ ተሰማኝ። እኔስ? ብናገር፣ ይቺ ሴት አልጋዋ ላይ እንደተኛሁ ታውቃለች። ለሚ ይሰማል፤ ለሚ ሰማ ማለት ዲላ ሰማች ማለት ነው፣ እስከ ማታ ሀምዲያ ጋ ይደርሳል። ባሌ ነገ ሥራ የሚያመጣለትን ሰው አሳጣው ይሆናል። ዝም ብል ደግሞ፣ ሰውየው ቆቡን ያደርጋል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ኢዲዶ ገብቶ ለሚስቱ «ቅቤ አለው ተባለ» ይላታል፤ በሌለ ላም። ባርናባስ ቆቡን አደረገ። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ምን ስለሰጠችው ነው እግዜር ይስጥልኝ የሚላት?

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «ቅቤው የእኔ ነው» አልኩ።

ሜሪ ቀና አለች። ነጠላዬን ገፍፌ፣ ሻሼን ፈታሁት። ፀጉሬ ለጥ ብሎ አናቴ ላይ ተጣብቋል፤ በዚያ ፀሐይ ምን እንደምመስል እግዜር ነው የሚያውቀው። «እኔ ነኝ። ራሴን አሞኝ ተቀብቼ ነው። ውስጥ ገብቼ ተኛሁ፣ ከረጢቱን ተንተራስኩት። የእሱ ቡና ምንም የለውም።» «አልጋዬ ላይ?» አለች። አዎ፣ አልጋሽ ላይ። «ባለቤትዎ አልነገረዎትም?» ነግሮኛል። ታጠቢ ብሎኛል፣ እኔ ግን ጨመርኩበት። «ለምን?» ለሚ ካላማዳሪውን ትቶ አንገቱን አሰገገ። «ቀንቼ» አልኩ። «ቀንቼ ነው፣ እህቴ። እንዲሸትሽ ብዬ ነው። ይሄ ሰውዬ ግን በእኔ ቅናት ምን አገባው?»

ሜሪ ዐይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። ስትከፍት ያየችው እኔን አልነበረም። «አቶ ባርናባስ፣ ቤት ሌላ አለ? ከዚሁ ቡና?» አለ፣ አምስት ኩንታል አለ፣ አላት። «እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሌላ ናሙና ያምጡልኝ። በንጹሕ ከረጢት። እጠብቅዎታለሁ።» ሰውየው እየሮጠ ወደ ሞተሩ ሄደ፤ ካስነሳ በኋላ ግን አጥፍቶ ወደ እኔ ተመለሰ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጀሁ። ይቅርታ ወንድሜ፣ አልኩት። «ቅቤ ለራስ ጥሩ ነው» አለኝ፣ ምንም ሳይስቅ። «ግን ቡና ላይ አይተኛም።» ሄደ። ቡናው እንዳለፈ በማግስቱ ከለሚ ሰማሁ፤ በስሙ። ሜሪ ለእኔ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የፍራሹን ልብስ አውጥተው ታጥቦ ይላኩልኝ፣ እትዬ የሺ» አለችኝ፣ በዚያው በእርስዎዋ። አውጥቼ በፌስታሌ ከተትኩት። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተቻቸው።

ወደ ቤት የሄድነው በእግር ነው፣ ባሌና እኔ። ባጃጅ አልጠራም፣ እኔም ጥራ አላልኩትም። ሀምዲያ ከሩቅ አይታን እጇን ልታነሳ ስትል ፊቴን አዞርኩ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ሥራዬን አበላሸሽብኝ፣ አዋረድሽኝ ይለኛል ብዬ። ድልድዩን እንዳለፍን ቀና ብዬ ሳየው ፈገግ እያለ ነው! ጢሙን እያሻሸ፣ እንደ ሙሽራ። «የሺ፣ አንቺ በእኔ የምትቀኚ አይመስለኝም ነበር» አለኝ። «በዚህ ዕድሜያችን!» ደስ ብሎታል። በሰው ሁሉ ፊት አናቴን ገልጬ የቆምኩት ለእሱ መስሎት ደስ ብሎታል። መንገዱ መሃል ቆምኩ።

«በአንተ አይደለም የቀናሁት» አልኩት። «ከእሷ ጋር ብትተኛ ኖሮ አልቅሼ፣ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ ይቅር የምልህ ይመስለኛል። ለእያንዳንዱ ሲኒዋ ክብ ቆፍረህላታል፣ ልዑል። አሥራ ሁለት ክብ። ለእኔ አንድ ጣውላ ግድግዳ ላይ አልመታህልኝም።» ፈገግታው ጠፋ። አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ በአቧራ ሸፍኖን አለፈ። «እሷ እኮ ጠይቃኝ ነው» አለኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «መደርደሪያ እዚህ ጋ፣ እንዲህ አድርግልኝ አለችኝ። አንቺ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አሥራ አራት ዓመት ሙሉ! ልለው አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ፈለግሁ፤ አንዲት ቀን ፈለግሁ። የሰሃን ኳኳታ አገኘሁ፣ የእታገኝን ቁም ሣጥን አገኘሁ፣ ስንት ቀን ያኮረፍኩትን፣ ጀርባዬን ሰጥቼው የተኛሁትን አገኘሁ። «ሥራልኝ» ያልኩበትን ቀን አጣሁት። ባል ያውቃል ብዬ ነዋ። ሚስት በገዛ ቤቷ ትለምናለች እንዴ ብዬ። እሱም ይሄንን እንዳገኘሁ ከፊቴ አነበበው መሰለኝ፣ መንገዱን ቀጠለ። ቀሪውን መንገድ አንዳችን ከአንዳችን ሁለት እርምጃ ተራርቀን ጨረስነው።

ቤት ስንደርስ ሊቀመጥ ሲል፣ ና፣ አልኩትና ማድ ቤት ወሰድኩት። ለሁለት ሰው አትበቃም፤ በሩ ላይ ቆመ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ቀንቼ ነው» ስል ያልራደ ድምፄ እዚህ፣ ከባሌ ጋር ብቻችንን ሆነን፣ ራደ። «መደርደሪያ እፈልጋለሁ» አልኩት። «ሥራልኝ።» ግድግዳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ጥላሸቱን በጣቱ ነካ። ከዚያ ለማንኛውም ደንበኛ እንደሚለው፣ «ቁመቱ እስከ የት ይሁን?» አለኝ። ይሄን ያህል ዓመት ስጠብቀው አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። እጄን አንስቼ ግድግዳው ላይ አሳረፍኩና «እስከዚህ» ልል ስል ልቅሶ ቀደመኝ።

«እጅሽን እንዳታነሺው» አለኝ። «ሜትር ላምጣ።»